ከማዳበሪያው በፊት ውሃው

አራት ጠርሙስ ውሃ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬያለሁ። ሦስቱ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ቧንቧ የተቀዱ ናቸው፤ አራተኛው ባለፈው ነሐሴ ከቆርቆሮ ጣሪያ ያጠራቀምኩት ዝናብ ነው። አንድ አሮጌ የግድግዳ መስታወት አጋድሜ ከየጠርሙሱ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ አፈሰስኩበትና ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ተውኩት። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሁሉም ደርቋል። ዝናቡ የነበረበት ቦታ መስታወቱን ወደ ብርሃን ካላዘነበልኩት በቀር ምንም አይታይበትም። ከሦስቱ አንዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀለበት ትቷል። ሌላው፣ ከጥልቅ ጉድጓድ የመጣው፣ በጣት ሲነኩት የሚሻክር ነጭ ክብ ሆኖ ተጣብቋል።

የትኛው ቀለበት የየትኛው ከተማ እንደሆነ አልናገርም። ነገሩ የከተማ ሳይሆን የሰፈር፣ አንዳንዴም የግቢ ጉዳይ ነውና ስም መጥራቱ ሰው ያሳስታል።

ይህን ሁሉ ያመጣችው ሱሉልታ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት። ልጇ ስትመረቅ አንድ ነጭ ኦርኪድ በስጦታ መጣላቸው። አበባው ሁለት ወር ከምናምን ቆየ፤ ከረገፈ በኋላ ግን የቅጠሎቹ ጫፍ ቡናማ ሆነ፣ አዲስ ቅጠልም እምቢ አለ። ደውላ «ጋሼ፣ ምን ማዳበሪያ ልግዛለት?» አለችኝ። «ውሃሽ ከየት ነው?» ብዬ መለስኩላት። «የጠየቅኩህ እኮ ስለ ማዳበሪያ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ማዳበሪያ ግን የሚሰጠው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ነው። ውሃው አስቀድሞ ምን እንደተሸከመ ሳያውቁ ሌላ ጨው መጨመር፣ ወጡን ሳይቀምሱ ጨው እንደመነስነስ ነው።

በየአበባ ቤቱ የሚሸጠው፣ ወፍራም ቅጠል ያለውና አበባው ክንፉን የዘረጋ የሌሊት ቢራቢሮ የሚመስለው ኦርኪድ ፋሌኖፕሲስ ይባላል። ስሙም በግሪክኛ ይህንኑ ማለት ነው። አገሩ ፊሊፒንስ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ታይዋን ነው። እዚያ አፈር ላይ አይበቅልም፤ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። እንደ ተቀጽላ የዛፉን ደም አይመጥም፤ ዛፉ መቀመጫው ብቻ ነው። የሚጠጣው ከላይ የሚንጠባጠበውን ዝናብ ነው፤ የሚበላውም ያ ዝናብ ከቅጠልና ከግንድ ላይ አጥቦ ያወረደውን ጥቂት ነገር ነው። እጅግ የቀጠነ ምግብ፣ ግን ቶሎ ቶሎ።

ለኛም ባዕድ ቤተሰብ አይደለም። ከ160 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች በአገራችን ይገኛሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሊቅ ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር ሆነው ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች የመስክ መጽሐፍ በ2004 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከል ታትሟል። ብዙዎቹ ሣር መሐል በክረምት ብቅ ብለው የሚጠፉ የመሬት ኦርኪዶች ናቸው። ዛፍ ላይ ከሚኖሩት መካከል ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የምትባለው ነጭ፣ ኮከብ መሳይ፣ ማታ ማታ የምትሸት አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ ለሳይንስ ያስተዋወቃት ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ናሙና ነው። በነገራችን ላይ፣ ከጫካ ገንጥሎ ቤት ማምጣት አያዋጣም። የጫካዋ እህት መስኮት ላይ ብዙ አትቆይም፤ የኦርኪድ ዓለም አቀፍ ንግድም በሳይቴስ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ነው።

ሥሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ፋሌኖፕሲስ የሚሸጥበት ፖት ብዙ ጊዜ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ላስቲክ ነው፤ ለማማር ብቻ አይደለም። ደረቅ ሥር ብርማ ነጭ ነው። ውሃ ሲነካው እዚያው ዓይናችሁ እያየ፣ ምናልባት በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ አረንጓዴ ይሆናል። ነጩ ነገር ሥሩን እንደ ስፖንጅ የሸፈነ የሞቱ ሴሎች ሽፋን ነው። ውሃ ሲገባበት ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ያለው ሕያው አረንጓዴ ይታያል። ይህ ስፖንጅ የመጣለትን ውሃ ከነጨዉ ቀድሞ ይመጠምጣል፤ ውሃው ሲተን ጨዉ እዚያው ይቀራል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጨው ይመጣል። ቲማቲም አፈር ውስጥ ስለሆነ አፈሩ ክፉውን ደጉን ይይዝለታል። ኦርኪድ ያለችው ቅርፊትና ከሰል መሐል ነው፤ የሚከላከልላት የለም።

ጨው ሲበዛ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ቋንጣ ማየት ይበቃል። ሥጋው ላይ የተነሰነሰው ጨው እርጥበቱን ወደ ውጭ ይስባል። የሥሩም ሴል እንደዚያው ነው፤ ውጭ ያለው ውሃ ጨው ከበዛበት ወደ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ ከውስጥ ያለውም ይወጣል። ስለዚህ ፖቱ እርጥብ ሆኖ ተክሉ በጥም ይሞታል። ቅጠሉ ሲጨማደድ ያየ ባለቤት ደግሞ «ምግብ አነሰው» ብሎ ማዳበሪያ ይጨምርበታል።

አሁን ወደ ቧንቧችን እንምጣ። ወጨጫም፣ ፉሪም፣ እንጦጦም የጥንት እሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። በዚህ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲንሸራሸር የኖረ የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና ቢካርቦኔት ይዞ ይወጣል። ግድብ ውስጥ የተጠራቀመ የክረምት ጎርፍ ግን ከድንጋዩ ጋር ብዙ ስላልቆየ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ነው። ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ ውሃ ሲያጠጣ የኖረ ነው። ገፈርሳን ከደጅ ማየትና የገፈርሳን ውሃ መጠጣት ግን ለየቅል ናቸው፤ አንዱ ሰፈር ከጉድጓድ ያገኛል፣ ሌላው ተራው እስኪደርስ ሮቶውን ሞልቶ ይጠብቃል፣ ቧንቧው ሲጠፋ ደግሞ ቦቴ ይጠራል። ሦስቱም ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ይህ ግን ውሃቸውን አንድ አላደረገውም። እንዲያውም አንድ ቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሃ ሊደርሰው ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ ለኦርኪድ ዋናው ባላጋራ ቢካርቦኔት ይመስለኛል። ሰው በብዛት የሚጨነቀው ስለ ክሎሪን ነው፤ ለቧንቧ የሚጨመረው ክሎሪን ግን ባልዲውን ከፍቶ ማሳደር የሚቀንሰው ነገር ነው፤ በኔ ግምት ተክል የሚገድለውም እሱ አይደለም። ቢካርቦኔት የሚሠራው ዝም ብሎ ነው። ኦርኪድ የሚስማማት በትንሹ ጎምዘዝ ያለ ውሃ፣ በፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ያለው ነው። ቢካርቦኔት የበዛበት ውሃ በሳምንት ሳምንቱ ቅርፊቱን ወደ ላይ፣ ወደ 7 እና ከዚያ በላይ ይገፋዋል። ያኔ ብረትና ማንጋኒዝ ፖቱ ውስጥ እያሉም ሥሩ ሊወስዳቸው አይችልም። አዲሱ ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ፣ መሐሉ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ይህም እንደገና «ማዳበሪያ አነሰው» ያሰኛል።

ምርመራው ቤት ውስጥ አለ። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ እዩ። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ትንሽ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ ሲፈላ፣ ሲንጨረጨር ካያችሁ ካርቦኔት ነው፤ ውሃችሁም ቢካርቦኔት በብዛት አለው ማለት ነው። ቁጥር የሚፈልግ ደግሞ ቲዲኤስ የሚባለውን እስክርቢቶ የሚያክል መለኪያ ይግዛ። በሊትር ስንት ሚሊ ግራም የሟሟ ነገር እንዳለ በግምት ይነግረዋል። ከ100 በታች ከሆነ ደስ ይበለው። እስከ 250 ድረስ በጥንቃቄ ይሠራበታል። ከዚያ በላይ ከሆነ ከዝናብ ጋር እኩል ይደባልቅ፤ 500 ካለፈ ለኦርኪድ አያቅርበው። መለኪያው ግን ምን ያህል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። 200 ካልሲየምና 200 ሶዲየም ለእሱ አንድ ናቸው፤ ለኦርኪዷ ግን አንዱ ምግብ ነው፣ ሌላው ሸክም። በዚህ ምክንያት ሶዲየምና ቢካርቦኔት የበዛበትን የፍልውሃን ዓይነት ውሃ ተክል ላይ አናፈስም። አምቦ ውሃም ለሰው ሆድ እንጂ ለአበባ አይደለም፤ አንድ ወዳጄ «ማዕድን አለው» ብሎ አጠጥቶ ከነማዕድኑ ቀብሯታል። የታሸገ ውሃ የግድ የሚጠቀም ሰው የጠርሙሱን ወረቀት ያንብብ፤ የሶዲየሙም፣ የቢካርቦኔቱም፣ የጠቅላላው የሟሟ ነገር መጠንም በደቃቁ ተጽፏል።

ቢካርቦኔት የበዛበትን ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ የተወሰነውን ያስቀራል። ሲፈላ ካልሲየሙ ከቢካርቦኔቱ ጋር ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወርዳል፤ በኛ ከፍታ ውሃ ከ90 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ብሎ ቢፈላም ይህን ከመሥራት አያግደውም። ከዚያ ልክ እንደ ቡናው እስኪሰክን መጠበቅና የላይኛውን ብቻ በቀስታ መቅዳት ነው። ሶዲየም ግን በማፍላት አይወጣም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ይጠነክራል። በጣም ብዙ ሰው «አፍልቼ ነው የማጠጣት» ብሎ የሚኮራው ይህን ሳያውቅ ነው።

የሁሉ ንጉሥ ግን ዝናብ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታን የመሰለ ቦታ የት ይገኛል! ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። አንድ ደህና የሐምሌ ከሰዓት 10 ሚሊ ሜትር ቢጥል አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ከሚሆን የጣሪያ ክፋይ ብቻ 15 ሊትር ይወርዳል። ለአንድ ፖት በሳምንት ግማሽ ሊትር ብንመድብ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ ድረስ ባሉት 36 ሳምንታት ገደማ 18 ሊትር ያስፈልጋል። ለአንድ ኦርኪድ አንድ ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው። ብዙ ሰው ሲሰማ የሚገርመው ይህ ነው፤ ትልቅ ሮቶ መግዛት ያለበት ይመስለዋል።

ሁለት ነገር ብቻ ይጠበቅ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የበጋውን አቧራ፣ የወፍ ኩስና የቅጠል ብስባሽ ያጥባሉና ለሌላ ሥራ ይዋሉ፤ ጣሪያው ታጥቦ ካለቀ በኋላ ያለው ይቀዳ። የዛገ ቆርቆሮ ካለም ከዚያ በኩል አለመቅዳት። ጀሪካኑ ደግሞ ታጥቦ፣ ክዳኑ ተጠብቆ ብርሃን የማያገኘው ቦታ ይቀመጥ፤ ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ይሆናል። ስታጠጡ ውሃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ። ከደጅ ሮቶ በጠዋት የተቀዳ የታኅሣሥ ውሃ እጃችንን የሚያደነዝዘውን ያህል ሥሩንም ያስደነግጣል።

ንጹሕ ዝናብ ሲገኝ አዲስ ጥያቄ ይመጣል፤ ዝናቡ ባዶ ነው። ካልሲየምም ማግኒዚየምም የለውም። ይህን ነገር ከሁሉ በተሻለ ያስረዳኝ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። እዚያ ለኦርኪዶቻቸው ማዳበሪያ ሲቀመር አንድ ዓይነት አልበቃም፤ ሁለት ሆነ። አንዱ ለተጣራ ባዶ ውሃ የተሠራ ነው፤ 13-3-15 ሆኖ 8 በመቶ ካልሲየምና 2 በመቶ ማግኒዚየም ተጨምሮበታል። ሁለተኛው ለጉድጓድ ውሃ የተሠራ 19-4-23 ነው፤ ካልሲየሙ ጥቂት ነው፣ ጉድጓዱ ራሱ ያመጣዋልና። ተክሉ አንድ፣ ቤቱ አንድ፣ ማዳበሪያው እንደ ውሃው ሁለት። እህቴን «ውሃሽ ከየት ነው?» ያልኳት ከዚህ ተነስቼ ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች በተራቸው ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ በኦክሳይድ መልክ የሚሰሉ ቢሆንም ለቤት ውስጥ ሥራ ይህ ብዙ አያስጨንቅም። ሁለቱንም ቀመሮች እዩ፤ መሐለኛው ቁጥር ትንሽ ነው። ገበያ ላይ ግን «አበባ የሚያወጣ» ተብሎ መሐለኛው 30 ወይም 50 የሆነ እሽግ በውድ ይሸጣል። ፋሌኖፕሲስ አበባ እንድታወጣ የሚቀሰቅሳት ፎስፎረስ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ አየር ነው፤ ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲቆይ የአበባ ዘንግ አታወጣም። ሱሉልታ ውስጥ የጠፋው ቅዝቃዜ ነው እንዴ?

አሁን የኔን ጥፋት ልናዘዝ። የመጀመሪያዋን ኦርኪዴን የገደልኳት በዩሪያ ነው። ከባለቤቴ አባት የጤፍ ማሳ የተረፈ ትንሽ ዩሪያ ቤት ነበር፤ አበባ የሸጠልኝም ሰው «ዩሪያ ጣል አድርግባት» ብሎኝ ነበር። አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ ሊትር በጥብጬ አጠጣሁ። በአምስተኛው ቀን የሥሮቹ አረንጓዴ ጫፎች ጠቁረው ነበር። ቆይቼ ነው ሒሳቡን የሠራሁት። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ አንዲት ልሙጥ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ብትመዝን በሊትሩ ውስጥ 1,840 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ገብቷል። ለኦርኪድ በሊትር 100 ይበቃ ነበር። 18 እጥፍ!

መጠኑን ባሳንሰው እንኳ ዩሪያ ለዚህ ሥራ አይመቸኝም። ማሳ ላይ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒየም፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ አፈሩም ያንን ይዞ ያቆያል። ወንፊት በመሰለ ቅርፊት ውስጥ ግን ውሃው ቶሎ ያልፋል። በቴክሳስ ተመራማሪው ዪን ቱንግ ዋንግ ያደረጋቸው ሙከራዎች ፋሌኖፕሲስ ከናይትሮጅኗ አብዛኛው በናይትሬት መልክ ሲሰጣት እድገቷም አበባዋም የተሻለ እንደሚሆን አሳይተዋል። ስለዚህ እሽጉ ላይ ከትልቁ ቁጥር ይልቅ ከሥሩ ያለውን ዝርዝር አንብቡ፤ «ናይትሬት ናይትሮጅን» የሚለው መስመር ከሌሎቹ ይብለጥ።

ዳፕስ? 18-46-0 ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ ወዲህ የተካው ኤንፒኤስ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፎረስ፣ 7 ድኝ ነው። ሁለቱም የተሠሩት ፎስፎረስ ላጣው የገበሬ ማሳ ነው፤ ለስንዴና ለጤፍ ባለውለታ ናቸው። ለኦርኪድ ግን ፎስፎረሳቸው ከሚገባው በላይ ነው፣ ፖታሲየም ጨርሶ የላቸውም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየምም እንደዚያው። ከጓሮ የተረፈውን ለጎመኑ ስጡት። አመድም አይሆንም፤ ፖታሲየም ቢኖረውም ውሃውን ያንኑ የምንሸሸውን ፒኤች ያሲዘዋል። የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የሩዝ እጣቢ፣ የእንቁላል ቅርፊት ስለሚሉት ሰዎች ምን እንደምል አላውቅም፤ ቅርፊቱን ያበሰብሳሉ፣ ትንኝ ይጠራሉ። ለኮባው ይደረግ።

ቡራዩ የሚኖረው ጓደኛዬ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የጽጌረዳ እርሻ ይሠራል። እነሱ ጠዋት ጠዋት «ኢሲና ፒኤች» ሳይለኩ ቧንቧ አይከፍቱም፤ ኢሲ የውሃውን ጨው በኤሌክትሪክ የመለካት ዘዴ ነው። ማዳበሪያቸውን ኤ እና ቢ ብለው በሁለት በርሜል ለያይተው ያስቀምጣሉ። ለምን እንደሆነ ወጥ ቤቴ ውስጥ አሳየኝ። በአንድ ብርጭቆ ጥቂት ውሃ ካልሲየም ናይትሬት፣ በሌላው ማግኒዚየም ሰልፌት በጠበጠ። ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ነበሩ። አንዱን በሌላው ላይ ሲገለብጠው ወተት ሆነ! ጥቂት ሲቆይ ነጭ ዝቃጭ ታች ተኛ። «ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጀሶ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግድግዳ የሚለሰንበት ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ካልሲየሙ ከሰልፌቱ፣ እንዲሁም ከፎስፌቱ ጋር ወፍሮ ሲገናኝ ተያይዘው ይወርዳሉ፤ ተክሉ ሁለቱንም ያጣል። በብዙ ውሃ ቀጥኖ ሲሆን ግን ችግር የለውም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ማዳበሪያ የሚጠቀም ሰው ዱቄቶቹን አንድ ላይ አይበጥብጥ፤ አንዱን በሙሉ ውሃው ውስጥ ካሟሟ በኋላ ሌላውን ይጨምር፤ ወይም በተለያየ ሳምንት ይስጥ።

ለአንድና ለሁለት ፖት የማደርገው ይህን ነው። 20 በመቶ ናይትሮጅን ካለው ውሃ የሚያሟሟው ማዳበሪያ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ፣ ወደ 5 ግራም፣ ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ እበጠብጣለሁ። ከዚያ ለአንድ ሊትር ዝናብ ውሃ አንድ የቡና ስኒ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ እጨምራለሁ። ይህ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይሰጣል። ዕቃ ላይ ያለው መመሪያ ብዙ ጊዜ ከዚህ ወፈር ያለውን ያዛል፤ ለአፈር ተክል የተጻፈ ስለሆነ አልሰማውም። ጠርሙሱ የውሃ ጠርሙስ ከሆነ ወረቀቱን ላጡና በትልቁ «ማዳበሪያ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ልጅ የማይደርስበት ቦታም ይቀመጥ። ሃይላንድ የሚመስለውን ሁሉ የሚያነሳ ሰው በየቤቱ አለ።

አሰጣጡ ላይ አንድ ሥርዓት አለኝ። መጀመሪያ ባዶ ውሃ አሳልፋለሁ፤ ሥሮቹ ከብርማ ወደ አረንጓዴ ሲለወጡ አያለሁ። ከዚያ በኋላ ብቻ ማዳበሪያ ያለበትን አፈሳለሁ፤ ደረቅ ሥር ስፖንጅ ነውና መጀመሪያ የመጣለትን ነው የሚጠጣው። ሦስት ሳምንት በማዳበሪያ፣ አራተኛውን በባዶ ውሃ፤ ያኔም በደንብ፣ ፖቱ ከሚይዘው ሁለት እጥፍ አሳልፌ የተጠራቀመውን ጨው አጥባለሁ። የፖቱ አፍ ላይ ወይም ቅርፊቱ ላይ ነጭ ዱቄት ከታየ ግን አራተኛውን ሳምንት አልጠብቅም። ወደ ሳህኑ የወረደውን እደፋለሁ፤ ፖቱን እዚያ ማስቀመጥ ያጠብኩትን መልሶ ማጠጣት ነው።

መጻሕፍቱ ስለ ወቅት የሚሉትን ግን እዚህ ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል። አብዛኛው ምክር የተጻፈው ክረምቱ ጨለማ፣ ቤቱ ግን በማሞቂያ የሞቀ ለሆነ አገር ነው። የኛ ቤት ማሞቂያ የለውም፤ በጋውም ብሩህ ነው። ተክል የሚበላው ብርሃን ሲያገኝ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ቀኑን ሙሉ ሲጋርድ፣ ቅርፊቱም ለመድረቅ ሲዘገይ ማዳበሪያውን በግማሽ እቀንሳለሁ፤ ማጠጣቱንም አራርቃለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርሃኑ ሞልቶ ሳለ ሌሊቱ ይከዳናል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ውርጭ በሚወርድበት ሰሞን የመስኮት መስታወት አጠገብ የቆመች ፋሌኖፕሲስ ከ15 ዲግሪ በታች ታድራለች፤ እንዲህ ስትሆን ሥሯ ይተኛል፣ የተሰጣት ምግብም ሳይነካ ጨው ሆኖ ይጠብቃታል። ማታ ማታ ከመስኮቱ ራቅ ማድረግ ከየትኛውም ማዳበሪያ ይበልጣል። ደህና የምትበላው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው፤ የጀሪካኑም ውሃ ዋጋ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ውሃ የምናጠጣው ጠዋት ነው። ቅጠሎቹ በሚገናኙበት መሐል አናት ላይ ውሃ ከገባ በሶፍት ጫፍ ምጠጡት፤ እዚያ ያደረ ውሃ በቀዝቃዛ ሌሊት አናቷን ያበሰብሰዋል፤ አናቷ ከበሰበሰ ደግሞ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ የላትም።

እህቴ ባለፈው እሑድ መጥታ ፖቷን አብረን ፈተሽን። ግማሹ ሥር ባዶ ገለባ ሆኖ ነበር፤ በመቀስ ቆርጠን አዲስ ቅርፊት ውስጥ ተከልናት። ከዝናቤ አምስት ሊትር ይዛ ሄደች፤ እስከ ክረምቱ መግቢያ ይበቃታል። ማክሰኞ ማታ በስልኳ ፎቶ ላከችልኝ፤ መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ ያለውን መስታወት ከግድግዳው አውርዳ ሁለት ማንኪያ ውሃ አድርቃበታለች፤ አንዱ ከቧንቧዋ፣ አንዱ ከጎረቤቷ ጉድጓድ። ሁለቱም ነጭ ቀለበት አላቸው፤ የጎረቤቷ ግን ወፍራም ነው። ከፎቶው በታች «ጀሪካን ስንት ነው አሁን?» ብላ ጽፋለች። ማዳበሪያውን ገና አልገዛችም።